የጎረቤቴ ግድግዳና የእኔ ውሃ

አንባቢዎቼ ሆይ፤ የግንቦት ፀሐይ አልፎ የሰኔ ደመና በእንጦጦ ራስ ላይ መጠቅለል ሲጀምር፣ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ዐይኑን ወደ ጣሪያው ያነሣል። ቆርቆሮው ዝጎ እንደሆነ፣ ምስማሩ ላልቶ እንደሆነ፣ ያምናው ቀዳዳ ዘንድሮም ያንጠባጥብ እንደሆነ ይመረምራል። ይህ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ያ በጣሪያው ላይ የወረደው ውሃ መሬት ከነካ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። እኔም ካልጠየቁት ወገን ነበርሁ። ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ሌላውን ለመገሠጽ አይደለም፤ አለመጠየቄ ምን እንዳስከተለ ልነግራችሁና ምናልባት አንዳችሁ ከእኔ ስሕተት ትማሩ እንደሆነ ብዬ ነው።

አዲስ አበባ በተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በሰሜን በኩል የእንጦጦ ጋራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ በደቡብ በኩል በአቃቂ ያለው ሜዳ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። እንግዲህ ከላይ እስከ ታች የ900 ሜትር ያህል ቁልቁለት አለ ማለት ነው። በእንጦጦ ግርጌ የሚወርደው ዝናብ በቀበና፣ በግንፍሌ፣ በቀጨኔና በሌሎችም ወንዞች አድርጎ ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂም ወደ አዋሽ ይጓዛል። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ስለ ሆንሁ ይህን ሁሉ በክፍል ውስጥ አስተምራለሁ። በሰሌዳው ላይ የከፍታ መስመሮችን እየሣልሁ «ውሃ ሁልጊዜ ከከፍተኛው ወደ ዝቅተኛው ይሄዳል» ስል፣ ውሃው ወንዙ ዘንድ ከመድረሱ በፊት በስንት ሰው ደጃፍ እንደሚያልፍ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

ቤታችን ያለው በጉለሌ በኩል በአንድ ተዳፋት ላይ ነው። ከእኛ በላይ ጎረቤት አለ፤ ከእኛ በታችም ጎረቤት አለ። አባቴ በሕይወት ሳሉ በየዓመቱ ግንቦት ሲገባ ዶማና አካፋ ይዘው ከቤቱ ጀርባ ያለውን ቦይ ይጠርጉ ነበር። ቦዩ ከላይኛው አጥር ሥር ጀምሮ፣ ቤቱን በጎን ዞሮ፣ ሰያፍ ሆኖ በመንገዱ ዳር ወዳለው የጎርፍ መውረጃ ይወጣል። ስፋቱ አንድ ክንድ ያህል ሲሆን ጥልቀቱ ከዚያ ያንሳል። አባቴ ከገበሬ ቤት ተወልደው ያደጉ በመሆናቸው ቦዩን «ፈሰስ» ይሉት ነበር። ፈሰስ ማለት ገበሬ በተዳፋት እርሻ ላይ ጎርፉ ዘሩንና አፈሩን ጠርጎ እንዳይወስድበት በማረሻ ሰያፍ አድርጎ የሚያወጣው ቦይ ነው። እኔ ልጅ ሆኜ አካፋ እያቀበልኋቸው ሳለሁ አንድ ቀን እንዲህ አሉኝ፤ «ፈሰስ ስታወጣ የራስህን ማሳ ብቻ አትይ፤ አፉን ወዴት እንደምትከፍተው እይ። በገጠር ሰው ከሰው የሚጣላው በፈሰሱ አፍ ነው»። ነገሩን ሰማሁት እንጂ ልብ አላልሁትም።

አባቴ በ2013 ዓ.ም. ዐረፉ። የቤቱም ነገር በእኔ ላይ ወደቀ። እኔም የተማርሁ ሰው ነኝ ብዬ ግቢውን ላሳምር ተነሣሁ። ያ ቦይ ለዐይን የማያምር፣ እንግዳም ሲመጣ የሚያሳፍር ነገር መስሎ ታየኝ። ስለዚህ በ2014 ዓ.ም. በጋ አፈርና ገረጋንቲ በመኪና አስመጥቼ ቦዩን ደፈንሁት፤ ግቢውን ደለደልሁት፤ ከደጁ ፊት ያለውን በሲሚንቶ አስነጠፍሁት፤ በዳር በዳሩም አበባ ተከልሁ። የግቢው መሬት ከቀድሞው በሁለት ስንዝር ያህል ከፍ አለ። ውሃው የሚወጣበት ነገር ደግሞ ያስፈልግ ነበርና፣ ከታች ካሉት ጎረቤት ጋር በሚያዋስነን የብሎኬት አጥር ግርጌ ሁለት ቀዳዳ አስበሳሁ። ግንበኛው መዶሻውን እንደ ያዘ ቀና ብሎ «ከወዲያ ምን አለ?» ሲል ጠየቀኝ። «ጓሮ ነው» አልሁት። እርሱም ሥራውን ቀጠለ።

የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ በጣለ ጊዜ በመስኮት ቆሜ አየሁ። ውሃው በሲሚንቶው ላይ እየተንሸራተተ ሄዶ በሁለቱ ቀዳዳዎች ገባና ጠፋ። ዝናቡ ባባራ በጥቂት ደቂቃ ግቢው ንጹሕ ሆነ። ደስ አለኝ። «ጠፋ» ያልሁትን ቃል ልብ በሉልኝ፤ የነገሩ ሁሉ ጥፋት በዚህች ቃል ውስጥ ነውና። ውሃ ከዐይን ይሰወራል እንጂ አይጠፋም።

የታች ጎረቤታችን አንዲት አሮጊት ናቸው። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ «እማማ» ይላቸዋል። በልጅነቴ እናቴ ገበያ ስትውል ምሳዬን ያበሉኝ እርሳቸው ናቸው። የሚኖሩት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ከሆነች የልጅ ልጃቸው ጋር ነው። ቤታቸው እንደ ሰፈሩ አሮጌ ቤቶች ሁሉ የጭቃ ቤት ሲሆን የኋላው ክፍል ከአጥራችን የሚርቀው በሦስት እርምጃ ብቻ ነው። በዚያው በ2014 ዓ.ም. ክረምት እማማ አንድ ቀን ነጠላቸውን ተከናንበው መጡና «ልጄ፣ ዘንድሮ ውሃው ወደኔ በዛ፤ እስቲ አንዴ መጥተህ እይልኝ» አሉኝ። «ዝናቡ በርትቶ ነው እማማ፤ ክረምቱ ሲወጣ ይተዋል» ብዬ በትሕትና ሸኘኋቸው። አልሄድሁም፤ አላየሁምም። አጥሩን ተሻግሮ ለማየት የሚፈጀው ጊዜ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም ውስጥ፣ አንድ ሌሊት ዝናቡ ያለ ማቋረጥ ሲወርድ አመሸ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ አንድ ከባድ ነገር እንደ ተጣለ ያለ ድምፅ ሰማን። እናቴ ቀድማ ነቅታ «የእማማ ቤት ነው!» ብላ ጮኸች። በስልኬ መብራት እየተመራሁ ሮጥሁ። የኋላው ክፍል ግድግዳ ወደ ውስጥ ተደርምሶ ነበር። ጭቃው፣ ማገሩና የበሰበሰው ቋሚ እንዳለ በልጅቷ አልጋ ላይ ተከምሯል። ለሚመጣው ዓመት ያስቀመጠቻቸው ደብተሮችና መጻሕፍት በውሃው ላይ ይንሳፈፋሉ። እግሬ ተሳሰረ። ልጅቷ ግን ከአያቷ በስተኋላ ቆማ አየኋት። ለካ ማታ የአልጋዋ ሥር ሲረጥብ እማማ «ዛሬ ከእኔ ጋር ተኚ» ብለው ወደ ፊተኛው ክፍል ጠርተዋት ኖሯል። ከሞት ያዳናት የአያቷ ጥንቃቄ እንጂ የእኔ የመምህርነት ዕውቀት አልነበረም።

ከዚህ የሚቀጥለውን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ነገር ግን ሳልጽፈው ብቀር ጽሑፉ እውነተኛ አይሆንም። ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ግድግዳው እኮ አርጅቶ ነበር» የሚል ነበር። እማማ አልተቆጡም። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ካዩኝ በኋላ «ልጄ፣ አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ አለች አህያ» አሉ። ተረቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጅብ ከወንዙ በላይ፣ አህያ ከወንዙ በታች ሆነው ሲጠጡ፣ ጅቡ «ውሃውን አደፈረስሽብኝ» አላት። እኔም ከላይ ሆኜ ከታች ያለውን ሰው ስወቅስ ተገኘሁ።

በማግሥቱ ሰማዩ ሲጠራ ሜትር ይዤ ወጣሁና በክፍል ውስጥ የማስተምረውን ሒሳብ ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ ቤቴ ላይ ሠራሁት። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። የጣሪያችን ስፋት 100 ካሬ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ በአንድ ሌሊት 40 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ከጣሪያው ብቻ 4,000 ሊትር ይወርዳል፤ ይህም ባለ 200 ሊትር በርሜል 20 ይሞላል። በሐምሌም ሆነ በነሐሴ አዲስ አበባ የምታገኘው ዝናብ በየወሩ ወደ 250 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ በአንድ ወር ከአንድ ጣሪያ የሚወርደው 25,000 ሊትር፣ ማለት 125 በርሜል ነው። በዚህ ላይ ቀድሞ ሣርና አፈር ሆኖ ውሃውን ይጠጣ የነበረውን ግቢ በሲሚንቶ ከድኜዋለሁ። ሰማይ በስፋት በትኖ ያወረደውን ውሃ እኔ ሰብስቤ በሁለት ቀዳዳ ወደ አንዲት አሮጊት ግድግዳ ላክሁት ማለት ነው። የተበተነ ውሃ መሬት ይጠጣዋል፤ የተሰበሰበ ውሃ ግን መሬቱን ይቆፍራል።

የጭቃ ቤት ጠላቱ ከላይ የሚመታው ዝናብ ብቻ አይደለም። ይልቁንም በእግሩ ሥር የሚቆመው ውሃ የባሰ ነው። ቋሚው ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ይበሰብሳል፤ ጭቃው ላልቶ ይፈታል፤ እርጥበቱ የለመደውን እንጨት ምስጥ ይቀጥልበታል። ግድግዳው ለብዙ ጊዜ ደኅና መስሎ ይቆምና በአንድ ሌሊት ይወድቃል። «የእኔ ቤት ብሎኬት ነው» የሚል ሰውም ከዚህ ዕዳ ነጻ አይደለም። ውሃ በመሠረቱ ዙሪያ ሲቋጥር አፈሩ ይለሰልሳል፤ ቤቱ ባንድ ወገን ይሰምጣል፤ ግድግዳውም ይሰነጠቃል። በቦሌና በአቃቂ በኩል እንዳለው ባለ ጥቁር አፈር አገር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ይህ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በበጋ ሲደርቅ ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በላዩ የተቀመጠውን ቤት በክረምት ወደ ላይ እየገፋ በበጋ ወደ ታች ይለቀዋል። ስለዚህ ሜዳ ላይ የሚኖር ሰው «ተዳፋት የለብኝም» ብሎ ሊዝናና አይገባውም።

ስለ ሕጉም ጥቂት ላንሣ። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ዛሬም የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ላይ፣ ባለሀብት በመብቱ ሲሠራበት ጎረቤቱን ከሚያውክና ከሚጎዳ ነገር ሁሉ እንዲጠነቀቅ ያዛል። የከተማ ቦታ ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ የግል ሀብት መሆኑ ቢቀርም፣ ቤቱና ግቢው በእጁ ያለ ሰው ይህ ጥንቃቄ አይቀርለትም። እማማ ግን ወደ ዳኛ አልሄዱም። ቢሄዱ ኖሮ ምን ብዬ እመልስ እንደ ነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ይህ የውሃ ጥንቃቄ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ትምህርት እንዳይመስላችሁ። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት የፈለፈሉት አባቶቻችን ድንጋዩን ወደ ታች እየቆፈሩ ሲወርዱ፣ በጉድጓድ ውስጥ ያለ ቤት በአንድ ክረምት ኩሬ እንደሚሆን ያውቁ ነበር። ስለዚህ ከሕንፃዎቹ ጋር አብረው የውሃ መውረጃ ቦዮችን በዐለቱ ውስጥ ፈለፈሉ። ጎብኚ ቀና ብሎ ሕንፃውን ያደንቃል፤ ውሃውን የሚያስወጣውን ቦይ ግን የሚያስተውል ጥቂት ነው። የአባቴም ቦይ በእኔ ዘንድ እንዲሁ ተንቆ ነበር።

እንግዲህ አንድ ባለቤት ማድረግ የሚገባውን፣ ከግንበኞችና ከራሴ ጥፋት የተማርሁትን በአጭሩ ልዘርዝር።

አንደኛ፣ በቤቱ ዙሪያ ያለው መሬት ከግድግዳው እየራቀ በሄደ ቁጥር ዝቅ ማለት አለበት። ግንበኞች በመጀመሪያው ሦስት ሜትር ውስጥ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲወርድ ይመክራሉ። ሲሚንቶ የተነጠፈ እንደሆነ በየሜትሩ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ይህን ለመለካት ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ውስጡ የሚታይ የላስቲክ ጎማ ውሃ ሞልቶ ሁለቱን ጫፍ ማቆም ነው፤ በሁለቱም በኩል ውሃው በአንድ ልክ ይቆማልና የመሬቱ ከፍታና ዝቅታ ወዲያው ይታወቃል።

ሁለተኛ፣ አፈር በግድግዳ ላይ አይከመርም። የመሠረቱ ድንጋይ ቢያንስ አንድ ስንዝር ከመሬት በላይ መታየት አለበት። ግቢውን ለማሳመር እያሉ በየዓመቱ አፈር የሚጨምሩ ሰዎች ቤታቸውን ጥቂት በጥቂት ይቀብሩታል።

ሦስተኛ፣ አሸንዳ ያለው ቤት ሰኔ ሳይገባ ቅጠሉና አፈሩ ይጠረግለት። የመውረጃው ቱቦ አፍ ከግድግዳ ይራቅ፤ ወደ ጎረቤትም አይዙር። የዝናብ ውሃ ወደ መጸዳጃ ጉድጓድ የሚለቅም ሰው አለ። ይህ ጉድጓዱን በአንድ ሌሊት አስሞልቶ የማይገባውን ነገር ወደ ሰው ደጃፍ ያወጣል።

አራተኛ፣ ቦይ አንድ ጊዜ ተቆፍሮ የሚተው ነገር አይደለም። በግንቦት ይጠረጋል፤ በሐምሌም አጋማሽ ደለሉ ይወጣለታል። በደጃችን የሚያልፈውን የመንገድ ዳር ቦይ የሚሠራው መንግሥት ነው፤ መኪና ለማስገባት ብለን በድንጋይ የምንደፍነው፣ ፌስታልና ጠርሙስም የምንጥልበት ግን እኛ ነን። ማለፊያ የሚያስፈልገው ሰው ከሥሩ ሰፊ ቱቦ ይቅበርበት።

አምስተኛ፣ ግቢን በሙሉ በሲሚንቶ አትክደኑ። ሣርና አፈር የሚጠጡት ውሃ ለማንም ዕዳ አይሆንም።

ስድስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው፣ መሬት ከፍ ከማድረግ፣ አጥር ከማጠርና ቦይ ከመቅደድ በፊት ከላይም ከታችም ካለው ጎረቤት ጋር መነጋገር ነው።

ምናልባት ከእናንተ ብዙዎቹ «እኛ ተማሪዎች ነን፤ ወይም በወር ደመወዝ የምንተዳደር ተከራዮች ነን፤ ይህ ሁሉ ምናችን ነው?» ትሉ ይሆናል። ተከራይ ቢሆንም ዐይን አለው። ውሃ በግድግዳ ሥር ሲቋጥር አይቶ ለባለቤቱ መንገር ዋጋ አይጠይቅም። በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ደግሞ የግቢው ቦይ የሁሉም ስለ ሆነ ማንም እንደማይጠርገው ያውቃል። ስብሰባ ሲጠራ ይህን የሚያነሣ አንድ ሰው ቢገኝ መልካም ነው። ዛሬ የተከራየም ነገ ቤት ይኖረው ይሆናል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በድሬ ዳዋ ከ200 በላይ ሰዎች የሞቱበትን ዓይነት ጎርፍ አንድ ባለቤት በአካፋ አይመልሰውም፤ ያ የመንግሥትና የከተማ ሥራ ነው። ከገዛ ጣሪያው የሚወርደው ውሃ ግን የእርሱ ነው፤ ሌላ ባለቤት የለውም።

ወደ ታሪኬ ልመለስ። የእቁቡን ሰዎች ለምኜ ዕጣዬን አስቀድሜ ወሰድሁ። የእድራችን ሰዎችም ሁለት ቅዳሜ ወጥተው በጉልበታቸው ረዱን። የእማማን የኋላ ግድግዳ በአዲስ ቋሚና ማገር አቆምነው፤ እግሩንም እስከ ጉልበት ድረስ በድንጋይና በሲሚንቶ አስገነባነው። ሁለቱን ቀዳዳዎች በገዛ እጄ ደፈንኋቸው። ከዚያም የአባቴን ፈሰስ ፈልጌ ማውጣት ጀመርሁ። ከገረጋንቲው ሥር የቦዩ ድንጋይ እንዳለ ተቀምጦ አገኘሁት። ሲሚንቶውን ግማሽ ድረስ አስነሣሁ። ከላይ ያለው ጎረቤታችን ይህን ሲያይ የእርሱም የአሸንዳ ውሃ ወደ እኛ እንደሚወርድ አስታውሶ፣ ሳልጠይቀው ቱቦ ገዝቶ ወደ ቦዩ አገናኘው። የመንገዱ ዳር ቦይ በደለል ተሞልቶ ነበርና የፈሰሱ አፍ የሚከፈትበት ቦታ እስኪያገኝ ድረስ እርሱንም አብረን ጠረግን።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት የመጀመሪያው ብርቱ ዝናብ ሲጥል በመስኮት አልቆምሁም። ጃንጥላ ይዤ ወጣሁና ውሃውን ከጣሪያው ጀምሮ እስከ መንገዱ ድረስ ተከተልሁት። ከዚያም ወደ እማማ ቤት ገባሁ። ልጅቷ በኋላው ክፍል በአልጋዋ ላይ ተቀምጣ ታጠናለች። እማማ ወለሉን በእጃቸው ዳሰሱና «ደረቅ ነው» አሉ። በአንዱ ማዕዘን በኩል ጥቂት እርጥበት መኖሩን ግን እኔም አየሁት፤ እርሳቸውም አልደበቁኝም። በማግሥቱ ቦዩን በዚያ በኩል አንድ ስንዝር አጠለቅሁት። ከዚያ ወዲህ በየግንቦቱ አካፋውን የማነሣው እኔ ነኝ። ልጅቷም ትረዳኛለች።

አንባቢዎቼ ሆይ፤ የምለምናችሁ ትልቅ ነገር አይደለም። በሚቀጥለው ዝናብ ጃንጥላችሁን ይዛችሁ ከቤት ውጡ። ከጣሪያችሁ የሚወርደውን ውሃ እስከ አጥራችሁ ድረስ ተከተሉት። አጥሩ ዘንድ ስትደርሱ ግን አትመለሱ፤ የጎረቤታችሁን በር አንኳኩና ከወዲያ በኩል ምን እንዳለ እዩ። እኔ ያን አምስት ደቂቃ በጊዜው ሳላወጣው ቀርቼ አንዲት ልጅ ልትሞትብኝ ነበር።